በኮምፒዩተር ውስጥ ስላለው ማራገቢያና ፍጥነቱ በማዘርቦርድ ስለሚታዘዝበት ሥርዓት

ለገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ

ኮምፒዩተር የተባለው የጥበብ ዕቃ ወደ ትምህርት ቤት ከገባ ወዲህ መምህራን ስለ ኪቦርዱና ስለ ስክሪኑ ብዙ ሲነጋገሩ፤ በሳጥኑ ውስጥ ስለሚዞረው ትንሽ ማራገቢያ ግን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ሠራተኞች ፋን የሚሉት ይህ ማራገቢያ የሚታወሰው፤ ወይ ጩኸቱ በርትቶ የመምህሩን ድምፅ የሸፈነ እንደ ሆነ፤ ወይም ቆሞ ኮምፒዩተሩ በሥራ መካከል የጠፋ እንደ ሆነ ነው። ይህም ነገር ሲያዩት ቀላል ቢመስል ለገጠር ትምህርት ቤት ቀላል አይደለም። ብዙ ተማሪዎች በጥቂት ኮምፒዩተሮች ተራ በተራ በሚማሩበት ስፍራ አንዱ የተበላሸ እንደ ሆነ፤ ጠጋኙ እስኪገኝና መለዋወጫው ከሩቅ እስኪመጣ ድረስ የትምህርቱ ወራት ያልፋል፤ ያለፈውም ወር አይመለስም።

ማራገቢያው በስንት ፍጥነት ይዙር የሚለውን ትእዛዝ የሚሰጠው ማዘርቦርድ የሚባለው ሰሌዳ ነው፤ ትእዛዙንም ሰው ሊያርመው ይችላል። እርማቱ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትዕግሥትና የማስታወሻ ደብተር ግን ይጠይቃል። ለዚህ ትምህርት ምሳሌ ትሆን ዘንድ የተወሰደችው በጉራጌ ዞን የቸሃ ወረዳ ከተማ የሆነችው እምድብር ናት፤ ምክንያቱም የአገሩ ከፍታ በኮምፒዩተር ሙቀት ላይ የሚያደርገው ነገር አለና ነው።

1ኛ፤ ሙቀቱ ከወዴት እንደሚመጣ

በማዘርቦርዱ ላይ ከተተከሉት ክፍሎች ዋናው ፕሮሰሰር የሚባለው ነው፤ ሒሳቡን የሚያስበውና ሥራውን የሚያከናውነው እርሱ ነው። በፕሮሰሰሩ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ሥራውን ከሠራ በኋላ ፈጽሞ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በተራ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ውስጥ የሚገኘው ፕሮሰሰር በርትቶ በሚሠራበት ጊዜ 65 ዋት ያህል ሙቀት እንዲያወጣ ሆኖ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ይህም በድሮ ጊዜ በየቤቱ ይበራ የነበረው ባለ 60 ዋት አምፖል ከሚበላው ጥቂት ይበልጣል። አምፖሉ በርቶ ሳለ በእጅ ሊያዝ እንዳልቻለ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አሉ። ፕሮሰሰሩ ግን ያንኑ ያህል ሙቀት የሚያወጣው ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም ከማይበልጥ ስፍራ ነው፤ ስለዚህ ሙቀቱን የሚወስድለት ነገር ካልተገኘ በጥቂት ጊዜ ውስጥ እጅግ ይግላል።

ይህ ችግር ከኮምፒዩተር ጋራ አብሮ የተወለደ ነው። በ1938 ዓ.ም.፤ ይኸውም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1946፤ በአሜሪካ አገር በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ የተባለው መኪና 18,000 ያህል የቫኪዩም አምፖሎች ነበሩት፤ የሚበላውም ኤሌክትሪክ ወደ 150 ኪሎ ዋት ይደርስ ነበር። ሙቀቱን ለማውጣት በሞተር የሚዞሩ ትላልቅ ነፋስ ሰጪዎች ተተክለውለት ነበር። የዛሬው ኮምፒዩተር በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ዕቃ ቢሆንም ነፋስ መሻቱ አልቀረም። ያለ ማራገቢያ የሚሠሩም አሉ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2008 ጀምሮ በአንዳንድ የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ለሕፃናት የታደለው ኤክስኦ የተባለው ትንሽ ኮምፒዩተር ማራገቢያ የለውም። ይህም የሆነበት ምክንያት ፕሮሰሰሩ እጅግ ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚበላ ስለ ሆነ ነው።

2ኛ፤ ነፋስ እሳትን ሲያነድ ኮምፒዩተርን እንዴት ያበርዳል

ይህን ትምህርት የሚሰማ ሰው ሊጠይቅ ይችላል፦ «ባለ እጁ ወናፉን በነፋ ቍጥር ከሰሉ ይግላል፤ ቡና የምታፈላውም ሴት በማራገቢያ ስታራግብ ፍሙ ይቀላል፤ እንግዲህ ነፋስ አንዱን እያጋለ ሌላውን እንዴት ያበርዳል?» ጥያቄው መልካም ነው፤ ለተማሪዎችም ሊቀርብላቸው ይገባል።

መልሱ እንዲህ ነው። ከሰል ሙቀት የሚሰጠው ሲቃጠል ነው፤ ሲቃጠልም አየር ይሻል፤ አየሩ በበዛለት መጠን መቃጠሉ ይበረታል። ፕሮሰሰሩ ግን አይቃጠልም፤ ሙቀቱ የሚመጣው ከኤሌክትሪክ ነው፤ የነፋሱ መብዛትም ሙቀቱን አይጨምርለትም። እንግዲህ ነፋሱ የሚያገኘው ሥራ ሙቀቱን ተሸክሞ መሄድ ብቻ ነው። ትኩስ ቡና በስኒ የቀረበለት ሰው እፍ ብሎ እንደሚያበርደው ያለ ነገር ነው።

ነፋሱ ሙቀቱን በቶሎ እንዲረከብ በፕሮሰሰሩ ላይ ብዙ ስስ ክንፎች ያሉት የአልሙኒየም ወይም የመዳብ ዕቃ ይጫንበታል፤ ሠራተኞች ሂትሲንክ ይሉታል። በሁለቱ መካከል ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ይቀባል። ሙቀቱ ከፕሮሰሰሩ ወደ ቅባቱ፤ ከቅባቱ ወደ ክንፎቹ፤ ከክንፎቹ ወደ ነፋሱ ይሻገራል። ሌላው ማራገቢያ ደግሞ የሞቀውን አየር ከሳጥኑ ወደ ውጭ ያወጣል። ከእነዚህ አንዱ መንገድ የተዘጋ እንደ ሆነ ሙቀቱ ወደ ኋላ ይከማቻል።

የሙቀቱ መጠን ከወሰኑ ሲያልፍ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን አስቀድሞ ሥራውን ያዘገያል፤ ያ ያልበቃ እንደ ሆነ ፈጽሞ ይጠፋል። ይህ ወሰን በብዙ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ከቀትር በኋላ ሲዘገይ ወይም በድንገት ሲጠፋ፤ ሰው ቫይረስ ገባበት ወይም መብራቱ አነሰ ከማለቱ በፊት ሙቀቱን ሊመለከት ይገባዋል።

3ኛ፤ የደጋ አየር መቀዝቀዙና መሳሳቱ

እምድብር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ወልቂጤ ከእርሷ ጥቂት ዝቅ ትላለች፤ ቡታጅራም ከእምድብር ጋራ የምትቀራረብ ናት። በእነዚህ አገሮች የሚኖር ሰው አየሩ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ኮምፒዩተሩ ከቆላ ይልቅ ይመቸዋል ብሎ ያስባል። አሳቡ በከፊል እውነት ነው፤ ማራገቢያ ማናቸውንም ነገር ከክፍሉ አየር በታች ሊያበርድ አይችልምና፤ የክፍሉ አየር ቀዝቃዛ በሆነ መጠን መነሻው ዝቅ ይላል።

ነገር ግን ከፍታው በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው እጁ ከፊሉን ይወስዳል። ወደ ላይ በተወጣ መጠን አየሩ ይሳሳል፤ በ2,100 ሜትር ከፍታ አንድ ቁና አየር በባሕር ዳር ካለው አንድ ቁና አየር ክብደቱ ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ይጎድላል። ማራገቢያው የሚሰፍረው ቁናውን እንጂ ክብደቱን አይደለም፤ በአንድ ደቂቃ ያንኑ ቁና ቢያሳልፍ ሙቀት የሚሸከመው አየር ግን ጎድሏል።

የአየሩን መሳሳት መምህሩ በክፍል ውስጥ ሊያሳየው ይችላል። ውሃ በባሕር ዳር በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በእምድብር ከፍታ ግን ወደ 93 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል፤ ምክንያቱም ከላይ የሚጫነው አየር የቀለለ ነው። ቴርሞሜትር ያለው ትምህርት ቤት ይህን በምድጃ ላይ አፍልቶ ሊመለከተው ይችላል።

ኮምፒዩተር ሠሪዎችም ይህን ያውቃሉ። ኤችፒ የተባለው ፋብሪካ ለብዙዎቹ የቢሮ ኮምፒዩተሮቹ ባወጣው መመሪያ፤ የክፍሉ አየር ከ10 እስከ 35 ዲግሪ ሊሆን እንደሚገባ ይጽፍና፤ ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ ከላይኛው ወሰን 1 ዲግሪ እንዲቀነስ ያዝዛል። እንግዲህ 2,100 ለ300 ሲካፈል 7 ይሆናል፤ 7 ከ35 ሲቀነስ 28 ይቀራል። በባሕር ዳር እስከ 35 ዲግሪ የተፈቀደለት ኮምፒዩተር በእምድብር የተፈቀደለት እስከ 28 ዲግሪ ነው ማለት ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነና ኮርኒስ በሌለው ክፍል፤ ብዙ ተማሪዎች ተቀምጠው በበጋ ከሰዓት በኋላ 28 ዲግሪ መድረስ የማይቻል ነገር አይደለም። ስለዚህ የደጋ ሰው «አገራችን ብርድ ነው» ብሎ የማራገቢያውን ፍጥነት በግምት ሊያወርደው አይገባም፤ ለክቶ ይወስን።

4ኛ፤ ማራገቢያው ትእዛዝ የሚቀበልበት መንገድ

የማራገቢያው ሽቦ በማዘርቦርዱ ላይ ይሰካል፤ ብዙ ጊዜም ሽቦዎቹ ሦስት ወይም አራት ናቸው። አንዳንድ ፋብሪካዎች ግን የራሳቸውን ልዩ መሰኪያ ያደርጋሉ።

ባለ ሦስት ሽቦ ማራገቢያ አንዱ ሽቦ 12 ቮልት ኤሌክትሪክ ያመጣለታል፤ ሁለተኛው መመለሻው ነው፤ ሦስተኛው ፍጥነቱን ለማዘርቦርዱ ይናገራል። አነጋገሩም እንዲህ ነው፦ ማራገቢያው አንድ ጊዜ በዞረ ቍጥር ሁለት ምልክት ይሰጣል፤ ማዘርቦርዱም ምልክቱን ቈጥሮ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደ ዞረ ያውቃል። እንዲህ ያለውን ማራገቢያ ለማዘግየት ማዘርቦርዱ ከ12 ቮልት ቀንሶ ይሰጠዋል። ቮልቱ እጅግ ከወረደ ግን ማራገቢያው ለመነሣት ኀይል አጥቶ ይቆማል።

ባለ አራት ሽቦው 12 ቮልቱን ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ ይቀበላል፤ ትእዛዙ የሚመጣለት በአራተኛው ሽቦ ነው። በዚህ ሽቦ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 25,000 ጊዜ ያህል «ክፈት፤ ዝጋ» የሚል ምልክት ይመላለሳል። በአንዱ ምልልስ ውስጥ ከመቶ 40 እጁ ክፍት፤ 60 እጁ ዝግ ቢሆን ማራገቢያው 40 በመቶ ታዘዘ ይባላል። የውሃ ቧንቧን ቶሎ ቶሎ የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው በገንዳው ውስጥ የሚገባውን ውሃ እንደሚመጥን ያለ ነው። የሰው ጆሮ በሴኮንድ ከ20,000 በላይ የሚመላለሰውን ድምፅ ስለማይሰማ የዚህ ምልልስ ጩኸት አይታወቅም። ይህ አሠራር ፒ ደብሊው ኤም ይባላል፤ በቮልት መቀነሱ ደግሞ ዲሲ ይባላል።

ፍጥነትና ነፋስ የሚተሳሰሩበትን ሕግ ማወቅም ይጠቅማል። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚያልፈው አየር በእጥፍ ይጨምራል፤ ማራገቢያው የሚበላው ኀይል ግን ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ጩኸቱም እጅግ ይበረታል። በዚህ ሕግ መሠረት ፍጥነቱን ጥቂት ዝቅ ማድረግ ጩኸቱን ብዙ ይቀንሰዋል። ይሁን እንጂ ማራገቢያው በሙሉ ፍጥነት ቢዞርም የሚበላው ብዙ ጊዜ ጥቂት ዋት ብቻ ነው፤ ስለዚህ የመብራት ወጪ ለመቆጠብ ብሎ ማራገቢያን ማዘግየት ጥቅም የለውም። በአንጻሩም ማራገቢያውን ሌሊትና ቀን በሙሉ ፍጥነት ማስሮጥ መሽከርከሪያውን ያስረጃል፤ አቧራም ይስባል፤ ክፍሉንም ያውካል።

5ኛ፤ ማስተካከያው ከመነካቱ በፊት

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደ ተባለው አስቀድሞ ማጽዳትና መለካት ይገባል። የቆሸሸ ኮምፒዩተር ማራገቢያው የሚጮኸው ክንፎቹ በአቧራ ስለ ተደፈኑ ሊሆን ይችላልና፤ እርሱን ሳያጸዱ ፍጥነቱን ማረም በሽታውን ትቶ ሳሉን እንደ ማፈን ነው።

ሲያጸዱ ኮምፒዩተሩ ይጠፋል፤ ገመዱም ከግድግዳው ይነቀላል። ሳጥኑ ከክፍል ውጭ በጥላ ስር ይከፈታል። የማራገቢያው ምላሶች እንዳይዞሩ በጣት ተይዘው በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራው ይጠረጋል፤ በክንፎቹ መካከል ያለውም በቀስታ ይወጣል። እርጥብ ጨርቅ አይነካውም። በጉራጌ አገር መስቀል ሲደርስ ቤቱ ሁሉ እንደሚጸዳ የታወቀ ነው፤ ትምህርት ቤቱም በመስከረም ሲከፈት የኮምፒዩተሮቹ ጽዳት በዚያው ልማድ ቢያዝ፤ ዳግመኛም በበጋው አቧራ መካከል በጥር ወር ቢደገም ይበቃል።

ከዚህ በኋላ መምህሩ ለእያንዳንዱ ኮምፒዩተር በደብተር አንድ ገጽ ይሰጠውና አራት ነገር ይጽፋል፦ ቀኑን፤ የክፍሉን ሙቀት፤ የፕሮሰሰሩን ሙቀት፤ ማራገቢያው በደቂቃ የሚዞርበትን ቍጥር። ከእነዚህ ይልቅ የሚጠቅመው በሁለቱ ሙቀቶች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ለምሳሌ የክፍሉ አየር 22፤ የፕሮሰሰሩ ሙቀት 62 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 40 ነው። ሌላ ቀን ክፍሉ 28 ቢሆን ፕሮሰሰሩ በተመሳሳይ ሥራ ወደ 68 ቢደርስ ልዩነቱ ያው 40 ነውና አያስደነግጥም። ነገር ግን ከጥቂት ወራት በኋላ በዚያው ሥራና በዚያው ፍጥነት ልዩነቱ 55 ሆኖ ቢገኝ አቧራ ተከማችቷል፤ ወይም ቅባቱ ደርቋል ማለት ነው። ደብተሩ ያልተጻፈበት መምህር ግን ይህን ሊያውቅ አይችልም።

6ኛ፤ ማስተካከያው የሚከፈትበትና የሚሞላበት መንገድ

የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ባዮስ በተባለው ውስጥ ይገኛል። ባዮስ ኮምፒዩተሩ ሲበራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ትእዛዝ ነው። ለመግባት ኮምፒዩተሩ እንደ በራ ወዲያውኑ አንዱን ቁልፍ ደጋግሞ መምታት ነው፤ በብዙዎቹ ዴሌት ወይም ኤፍ 2፤ በዴል ኤፍ 2፤ በኤችፒ ኤፍ 10፤ በሌኖቮ ቲንክሴንተር ኤፍ 1 ነው።

የማስተካከያው ስም በየፋብሪካው ይለያያል። በአሱስ ማዘርቦርድ ኪው ፋን፤ በጊጋባይት ስማርት ፋን፤ በኤምኤስአይ ሃርድዌር ሞኒተር በሚል ስም ይገኛል። ትምህርት ቤቶች በብዛት የሚያገኟቸው የቢሮ ኮምፒዩተሮች ግን ይህን ያህል ነጻነት አይሰጡም። በብዙ የኤችፒ የቢሮ ኮምፒዩተሮች ማራገቢያው ሥራ በሌለበት ጊዜ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ፍጥነት ከፍ ማድረግ ብቻ ይቻላል፤ በቲንክሴንተር ጸጥታን ወይም ቅዝቃዜን ከሚያስቀድሙ ሥርዓቶች አንዱን መምረጥ ነው፤ በብዙ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ኮምፒዩተሮች ደግሞ ፍጥነቱን ፋብሪካው ራሱ ይዞታል። በእንዲህ ያሉት ላይ የመምህሩ ሥራ ጽዳቱና ደብተሩ ነው። ላፕቶፖችም እንደዚሁ ናቸው።

ማስተካከያው የተፈቀደ እንደ ሆነ በተራ እንዲህ ይደረጋል።

አንደኛ፤ በባዮሱ ውስጥ የሚታየው የፕሮሰሰር ሙቀትና የማራገቢያ ቍጥር ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ በደብተር ይጻፋል። የነበረው ማስተካከያም እንዳለ ይገለበጣል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፤ ነገሩ ያልተሳካ እንደ ሆነ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ነው።

ሁለተኛ፤ የማራገቢያው ዐይነት ይመረጣል። ባለ ሦስት ሽቦ ከሆነ ዲሲ፤ ባለ አራት ሽቦ ከሆነ ፒ ደብሊው ኤም ይደረጋል። ባለ ሦስት ሽቦውን በፒ ደብሊው ኤም ያዘዙት እንደ ሆነ ትእዛዙን ስለማይሰማ ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት ይጮኻል። ብዙ ጊዜ ያለ ምክንያት የሚጮኽ መስሎ የሚታየው ማራገቢያ ነገሩ ይህ ነው።

ሦስተኛ፤ ሙቀትና ፍጥነት ይዛመዳሉ። በስክሪኑ ላይ የሚታየው መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ሙቀቱን፤ ከታች ወደ ላይ ፍጥነቱን ያሳያል። በእምድብር ላለ ትምህርት ቤት ለመጀመሪያ ይህ ሊሆን ይችላል፦

እስከ 40 ዲግሪ፤ 35 በመቶ።
በ55 ዲግሪ፤ 50 በመቶ።
በ65 ዲግሪ፤ 75 በመቶ።
በ75 ዲግሪ፤ 100 በመቶ።

በዚህ አኳኋን ተማሪዎች ሲጽፉና ሲያነቡ ማራገቢያው በዝግታ ይዞራል፤ ሥራ ሲበረታ ግን ሙቀቱ ወደ ወሰኑ ከመቅረቡ ብዙ ቀድሞ በሙሉ ኀይሉ ይነሣል። የመጨረሻው ነጥብ ከ75 ወደ 90 ዲግሪ ቢገፋ ክፍሉ ጥቂት ጸጥ ይላል፤ ነገር ግን በሳሳ አየር ለሚሠራ ኮምፒዩተር የተጠበቀለት ትርፍ ያልቃል።

አራተኛ፤ ማራገቢያው በየጊዜው ከፍ ዝቅ እያለ እንዳያስቸግር የሚያዘገየው ጊዜ በሴኮንድ ይሰጠዋል። ሙቀቱ ለአንድ አፍታ ብድግ ብሎ ሲመለስ ማራገቢያው እንዳይደነግጥ ነው፤ ጥቂት ሴኮንድ ይበቃል።

አምስተኛ፤ ማስተካከያው ይቀመጣል፤ በብዙዎቹ ኤፍ 10 ተመትቶ ይጸናል። ከዚያም ኮምፒዩተሩ እንደ ገና ይነሣል።

7ኛ፤ ስለ መፈተን

ማስተካከያ በወረቀት ላይ ሲያምር በሥራ ላይ ሊያሳፍር ስለሚችል ያለ ፈተና አይታመንም። ፈተናውም ከቀትር በኋላ፤ ክፍሉ በሞቀበት ሰዓት ይደረጋል። ኮምፒዩተሩ ለግማሽ ሰዓት ከባድ ሥራ ይሰጠዋል፤ ይኸውም ብዙ ፕሮግራሞችን ከፍቶ ቪዲዮ እያሳዩ መቆየት ነው። ሙቀቱን ለማንበብ በዊንዶውስ ኤችደብሊው ሞኒተር የተባለው ፕሮግራም፤ በሊኑክስ ሴንሰርስ የተባለው ትእዛዝ ይጠቅማል። ፕሮሰሰሩ ከ75 ዲግሪ በታች ጸንቶ ከቆየ ማስተካከያው መልካም ነው። ከ85 ያለፈ እንደ ሆነ ፈተናው ይቆማል፤ መስመሩም ከፍ ይደረጋል፤ እንደዚያም ሆኖ ካልወረደ ጽዳቱና ቅባቱ ይመረመራል።

8ኛ፤ መምህርም ሽማግሌም ሊጠነቀቁበት የሚገባ ነገር

ማራገቢያው የቆመ እንደ ሆነ ማዘርቦርዱ ሲነሣ ያስጠነቅቃል፤ በባዮሱ ውስጥ ይህን ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብት ምርጫ ይገኛል። ማስጠንቀቂያው አስቸገረኝ ብሎ እርሱን መዝጋት ዘበኛው ጮኸ ብሎ እንደ ማባረር ይቈጠራል፤ የፕሮሰሰሩ ማራገቢያ ማስጠንቀቂያ በምንም ምክንያት አይዘጋም።

መብራት በሚጠፋበት አገር ሌላ ነገር አለ። የባዮሱን ማስተካከያና ሰዓቱን በማዘርቦርዱ ላይ ያለች የ3 ቮልት ክብ ባትሪ ትደግፋለች። ባትሪዋ የደከመች እንደ ሆነ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ ይሳሳታል፤ በብዙ ኮምፒዩተሮችም የተደከመበት የማራገቢያ ማስተካከያ ሁሉ ወደ ፋብሪካው ትእዛዝ ይመለሳል። ምልክቱ ቀኑ ወደ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ መታየቱ ነው። ይህ የታየ እንደ ሆነ ባትሪዋ ትለወጣለች፤ ማስተካከያውም ከደብተሩ ላይ ተነብቦ እንደ ገና ይሞላል።

ኮምፒዩተርን ከአቧራ ለመጠበቅ ጨርቅ ማልበስ መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን ጨርቁ የሚለብሰው ከጠፋና ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። በርቶ ሳለ ጨርቅ ቢጣልበት የነፋሱ መግቢያና መውጫ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ማራገቢያው መቶ በመቶ ቢዞር የሚያመላልሰው ያንኑ የሞቀ አየር ነው። ሳጥኑም ከግድግዳ ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ።

የክፍሉ ምርጫ ግን ከመምህሩ ይልቅ በሽማግሌዎችና በወላጆች ጉባኤ እጅ ነው። የኮምፒዩተር ክፍል ከማእድ ቤት ጭስና አቧራ ከሚነሣበት መንገድ የራቀ፤ ጣሪያው ኮርኒስ ያለው፤ በሁለት ወገን መስኮት የሚከፈትለት ቢሆን፤ በማዘርቦርድ ማስተካከያ ከሚገኘው ጥቅም ይበልጣል። የክፍሉን ሙቀት አምስት ዲግሪ ያወረደ ኮርኒስ በውስጡ ያሉትን ኮምፒዩተሮች ሁሉ አምስት አምስት ዲግሪ ያህል ያወርዳል፤ ማስተካከያው የማይፈቀድላቸውንም ጭምር።

ማጠቃለያ

የማራገቢያ ፍጥነት የሚወሰነው በጆሮ አይደለም፤ በሙቀት ነው። ጩኸቱን ጠልቶ ያወረደውም፤ ፈርቶ ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት ያስኬደውም ሳይለኩ የወሰኑ ናቸው። በእምድብርና በመሰሏት ከፍተኛ አገሮች የአየሩ ቅዝቃዜ ይረዳል፤ መሳሳቱ ግን ይጎዳል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደ በረታ የሚናገረው ቴርሞሜትሩና ደብተሩ ነው። መምህሩ ይህን ደብተር ለተማሪዎቹ በተራ ቢያስይዛቸው ኮምፒዩተሩ ይጠበቃል፤ ልጆቹም መለካትን፤ መጻፍንና ከተጻፈው ምክንያትን ማውጣትን ይለምዳሉ።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1. ነፋስ ፍምን እያጋለ ፕሮሰሰርን የሚያበርድበት ምክንያት ምንድን ነው?
2. አንድ ማራገቢያ በደቂቃ 1,200 ጊዜ ይዞራል፤ በአንድ ዙር ሁለት ምልክት ቢሰጥ በአንድ ሴኮንድ ስንት ምልክት ይሰጣል?
3. በባሕር ዳር እስከ 35 ዲግሪ የተፈቀደለት ኮምፒዩተር በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ቢቀነስበት በ2,400 ሜትር ከፍታ እስከ ስንት ዲግሪ ይፈቀድለታል?
4. በመስከረም ክፍሉ 20፤ ፕሮሰሰሩ 58 ዲግሪ ነበር፤ በመጋቢት ክፍሉ 26፤ ፕሮሰሰሩ በዚያው ሥራና በዚያው ፍጥነት 79 ዲግሪ ሆነ። ልዩነቱ በስንት ጨመረ? ምክንያቱስ ምን ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ የሁለተኛው 40 ምልክት ነው። የሦስተኛው 27 ዲግሪ ነው። የአራተኛው ልዩነት ከ38 ወደ 53 ስለ ደረሰ በ15 ጨምሯል፤ አቧራው ይጠረግ፤ ቅባቱም ይመርመር። የመጀመሪያውን መልስ ተማሪው በራሱ ቃል ይናገር።